ስም የለሽ ሕዋሳት እንዴት ስም አገኙ

በደማችን ውስጥ ከሚገኙት ነጭ ሕዋሳት መካከል ሊምፎሳይት የሚባሉት ክብና ጥቃቅን ናቸው፤ በአጉሊ መነጽር ሲታዩም እንደ ጤፍ ፍሬ እርስ በርሳቸው ይመሳሰላሉ። ዣክ ሚለር በ1961 (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ታይመስ የተባለው የደረት ዕጢ ገና ሲወለዱ የተወገደባቸው አይጦች በሽታን መከላከል እንደሚሳናቸው አሳየ። ሌሎችም ምርመራዎች ተደምረው፥ ከሊምፎሳይቶች ከፊሉ በታይመስ የሚያድግ፥ ከፊሉም ፀረ አካል የሚያመነጭ፥ ሥራው የተለያየ ሕዝብ መሆኑ ታወቀ። ታዲያ በመልክ የማይለዩትን በምን ይለዩአቸው?

መፍትሔው የተገኘው ከሰውነት ከራሱ መከላከያ ነው። ፀረ አካል የተዘጋጀለትን ነገር ብቻ ፈልጎ የሚይዝ ፕሮቲን ነውና፥ ምልክት ቢታሰርበት መርማሪውን እየመራ ወደ ፈለገው ያደርሰዋል። ይህን አስቀድሞ በሥራ ያዋለው አልበርት ኩንስ የተባለው የሃርቫርድ ሐኪም ነበር። መጀመሪያ የመረጠው ቀለም ሰማያዊ ብርሃን የሚሰጥ ሲሆን፥ የእንስሳው ሥጋ ራሱ ሰማያዊ ብርሃን ስላለው አንዱን ከሌላው መለየት አዳገተው። ኩንስ ግን ተስፋ አልቆረጠም፤ በ1942 ከባልደረቦቹ ጋር አረንጓዴ የሚያበራውን ፍሉረሲን አስሮ ጉዳዩን ፈጸመ።

ይሁን እንጂ ከእንስሳ ደም የሚቀዳው ፀረ አካል የአያሌ ዓይነቶች ድብልቅ ነበር። የአንዱ ጥንቸል ከሌላው አይመሳሰልም፤ እንስሳው ሲሞትም ምንጩ ይደርቃል። በ1975 ጆርጅ ኮህለርና ቄሳር ሚልስታይን በካምብሪጅ ያደረጉት ነገር ይህን ችግር ከሥሩ ነቀለ። የበግ ቀይ የደም ሕዋስ የተወጋችውን አይጥ የጣፊያ ሕዋስ ወስደው ከነቀርሳ ሕዋስ ጋር አዋሐዱ። የጣፊያው ሕዋስ ፀረ አካል መሥራት ያውቃል፥ ከሰውነት ውጭ ግን ወዲያው ይሞታል፤ የነቀርሳው ሳይታክት ይባዛል። ከሁለቱ የተወለደውም አንድ ዓይነት ፀረ አካል ብቻ ያለማቋረጥ የሚያመነጭ ሆነ። ለዚህ ፈጠራ የባለቤትነት መብት አልተጠየቀበትም፤ ሁለቱ ግን በ1984 ከኒልስ የርኔ ጋር የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ።

በስታንፎርድ ደግሞ ሊዮናርድ ሄርዘንበርግ በ1960ዎቹ መጨረሻ ከባልደረቦቹ ጋር አንድ መሣሪያ አበጀ። ምልክት የያዙት ሕዋሳት በቀጭን ፈሳሽ ውስጥ አንድ በአንድ እየተሰለፉ በብርሃን ፊት ያልፋሉ፤ መሣሪያውም የሚያበራውን ከማያበራው ይለያል። ከዚህ በኋላ እንደ ወትሮው በዓይን መቁጠር ቀረ።

አሁን ደግሞ ሌላ ጣጣ መጣ። እያንዳንዱ ቤተ ሙከራ ያገኘውን ፀረ አካል በገዛ ስሙ ይጠራ ጀመር። አንዱ «ኦኬቲ 4» ያለውን ሌላው «ሊዩ 3» ይለው ነበር፤ ሁለቱ ግን የሚይዙት አንድ ነገር ነው። በ1982 በፓሪስ የተሰበሰቡት ሊቃውንት ፀረ አካላቱን አነጻጽረው፥ አንድ ዓይነት ዒላማ ያላቸውን በአንድ ቁጥር መደቡ፤ ሲዲ 4፥ ሲዲ 8 የሚባሉት ስሞች ከዚያ የመጡ ናቸው። በእኔ አስተያየት ይህ ጉባኤ ከግኝቶቹ የሚያንስ ሥራ አልሠራም፤ ሁለት ሰዎች ስለ አንድ ነገር መነጋገራቸውን ካላወቁ ዕውቀት አይከማችምና።

ስሙም የተሰጠው በጊዜው ነበር። በ1981 በሎስ አንጀለስ በማይታወቅ በሽታ በተያዙ ወጣቶች ደም ውስጥ የጎደለው ሕዋስ ይኸው ሲዲ 4 የሚይዘው መሆኑ የታየው በእነዚሁ ፀረ አካላት ነው። ከዚያም የኤይድስ ሕመምተኛ መድኃኒት የሚጀምርበት ጊዜ በዚህ ቆጠራ ይወሰን ጀመር።

ነገር ግን የጤነኛ ሰው ልክ ስንት ነው? በአዲስ አበባ የነበረው የኢትዮጵያና የኔዘርላንድ የኤይድስ ምርምር ፕሮጀክት በ1990ዎቹ ዓመታት በአቃቂና በወንጂ የፋብሪካ ሠራተኞችን ሲከታተል ቆይቷል። በ1999 ያወጣው ጥናትም የጤነኛ ኢትዮጵያውያን የሲዲ 4 ቁጥር ከኔዘርላንዳውያን ያነሰ መሆኑን አመለከተ። እንግዲህ በአምስተርዳም ልክ የሚለካ ሐኪም ጤነኛውን ሠራተኛ ታሞአል ሊል ይችል ነበር ማለት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2015 ቁጥሩ ስንትም ይሁን ቫይረሱ ያለበት ሁሉ መድኃኒት እንዲጀምር መከረ፤ ቆጠራው ግን አልተወም፥ ከ200 በታች የወረደውን ሕመምተኛ ለይቶ ለማወቅ ዛሬም ያገለግላል።