"ላክልኝ" ወይስ "ይላኩልኝ"? ከሸዋሮቢት እስከ አጣዬ የሥራ ግሩፕ አማርኛ

ሸዋሮቢት ውስጥ ሥራ የጀመረ ሰው ሁለት ነገር ይሰጠዋል፤ ወንበርና የቴሌግራም ግሩፕ። ወንበሩ ሊዘገይ ይችላል፣ ግሩፑ ግን አይዘገይም። ጤና ጣቢያው፣ ትምህርት ቤቱ፣ የባንክ ቅርንጫፉ፣ ሆቴሉ፣ ሽንኩርትና ማሾ የሚጭነው ነጋዴ ሳይቀር የሥራ ግሩፕ አለው። ተራ የሚወጣው እዚያ ነው፣ ሪፖርት የሚጠየቀው እዚያ ነው፣ አለቃ የሚቆጣውም እዚያ ነው። እንዴት እንደሚጻፍበት ግን ማንም አላስተማረንም። ትምህርት ቤት ደብዳቤ ተምረናል፣ "ጉዳዩ፦" ብለን እንጀምር ነበር። ቻት ደብዳቤም አይደለም፣ የሰፈር ወሬም አይደለም።

እና ሥራ ቦታ ላይ ዘና ያለ አማርኛ የት ድረስ ያስኬዳል? በተለይ አዲስ ተቀጣሪ ለሆናችሁ ጥያቄው ቀላል አይደለም። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሙከራ ጊዜ እስከ 60 የሥራ ቀን ነው፣ በዚያ ጊዜ ውስጥ ለሥራው አትመጥንም የተባለ ሰው ያለማስጠንቀቂያ ሊሰናበት ይችላል። ባልደረቦቹ ደግሞ ብዙውን ጊዜ መጀመሪያ የሚያውቁት ከግሩፑ ነው።

ነገሩ ያለው ግሡ ላይ ነው

ስለ ሥራ ቻት የምናገኘው ምክር አብዛኛው ከእንግሊዝኛ የመጣ ነው። ቃል አታሳጥሩ፣ ኢሞጂ አታብዙ፣ ስላንግ ተዉ ይላል። ለአማርኛ ይሄ የችግሩን ግማሽ እንኳ አይነካም። እንግሊዝኛ አለቃውንም ጥበቃውንም በአንድ ቃል ያናግራል። እኛ አንድ ፋይል ለመጠየቅ "ላክልኝ"፣ "ላኪልኝ" ወይም "ይላኩልኝ" ከሚሉት አንዱን መምረጥ አለብን። ሰውየው ወንድ ነው ሴት፣ እኩያ ነው ታላቅ፣ ሳይወስኑ መጻፍ አይቻልም።

ስለዚህ "ሪፖርቱን ላክልኝ" የሚለው ምንም ያልተቆረጠበት፣ ኢሞጂ የሌለበት ንጹህ ዓረፍተ ነገር ሃምሳ ዓመት የሞላቸውን ሰው ሊያስቀይም ይችላል። "ጋሼ፣ ያቺን ሪፖርት ወዲህ ይበሏትማ" ግን ቀልድ ሆኖ ሳለ አያስቀይምም። አንቱታው ቦታው ላይ ነው። ዘና ማለትና መዳፈር አማርኛ ላይ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፣ የሚለያቸውም ብዙ ጊዜ የግሡ ጫፍ ነው።

ይፋት ደግሞ መገናኛ ሀገር ነው። ከደብረ ሲና ቁልቁለት በታች ያለው ቆላ ከሸዋም ከወሎም ሰው ያመጣል። "እርስዎ" እያለ ያደገና "አንቱ" እያለ ያደገ አንድ ቢሮ ይቀመጣሉ። "አንቱ" የሚለውን ቃል አዲስ አበባ ያደገ ልጅ እንደ ፌዝ ሊሰማው ይችላል። ለወሎዬው ግን ተራ አክብሮት ነው። አርጎብኛና ኦሮምኛ አፍ መፍቻው የሆነ ባልደረባም አለ። አማርኛ ሁለተኛ ቋንቋው የሆነ ሰው "አንተ" ብሎ ቢጽፍ፣ ወይ ወንዱንና ሴቱን ቢያቀያይር፣ ንቀት ነው ብሎ መቆጠር የለበትም። በአካል ቢሆን ድምፁና ፊቱ ይናገሩለት ነበር። ጽሑፍ ላይ ግን የሚታየው ግሡ ብቻ ነው።

ያልወሰነ ሰው መውጫ አለው። አንዱ "ሪፖርቱ ቢላክልን" ብሎ ሰው ሳይጠሩ መጠየቅ ነው። ሌላው በግሩፕ ላይ ለብዙ ሰው መጻፍ ነው፤ "ያላካችሁ ላኩ" ማንንም አያዋርድም። ሦስተኛው ማዕረግ ነው። "ሲስተር፣ ካርዱን አይተሽዋል?" የሚለውን ተመልከቱ፤ ግሡ "አንቺ" ነው፣ ግን "ሲስተር" የሚለው ክብሩን ተሸክሞለታል። "መምህር" እና "ዶክተር"ም እንዲሁ ይሠራሉ። ጽሑፍ ላይ ስም ብቻውን ከመጥራት ሁሌም ይሻላል።

ከአንቱታ የሚያወርደው ታላቁ ነው። "ኧረ አንተ በለኝ፣ አታስረጀኝ" እስኪሉ መጠበቅ ነው። አንዴ ከተባለ በኋላ ደግሞ ወደ "እርስዎ" መመለስ ራሱ መልእክት አለው። ትናንት "አንቺ" ሲልሽ የነበረ ባልደረባ ዛሬ "ይላኩልን" ካለሽ ተቀይሟል ማለት ነው።

ደርግ እንኳ ቢሮውን ሁሉ "ጓድ" አድርጎ አንቱታን አላጠፋውም፤ ሊቀመንበሩ "ጓድ"ም ነበሩ፣ "ተናገሩ"ም ይባሉ ነበር። ቴሌግራም ያጠፋዋል ብዬ አልጠብቅም።

እዚህ ላይ አንድ የሚያናድደኝ ነገር አለ። እኩል ዕድሜና እኩል ማዕረግ ያላቸው ወንድና ሴት ግሩፕ ላይ ሲጠሩ፣ ወንዱ "እርስዎ" ሆኖ ሴቷ ቶሎ "አንቺ" ትሆናለች። የምትፈርመው እሷ ብትሆንም። አብዛኛው ሰው አስቦበት አይመስለኝም። ግን የግሩፑን ያለፈ አንድ ወር ወደ ላይ ከፍ አድርጋችሁ ብታነቡ ታገኙታላችሁ።

"እሺ" ምን ማለት ነው?

"ነገ ጠዋት መድኃኒቱን ከስቶር ታወጪያለሽ?" "እሺ።" ይሄ ቃል ሦስት ትርጉም አለው፤ አደርገዋለሁ፣ ሰምቻለሁ፣ ወይም ፊት ለፊት እምቢ ማለት ነውር ሆኖብኝ ነው። በአካል ሲሆን ከድምፁ እንለየዋለን። ረዘም ያለው "እሺይ" እና ቶሎ የተቆረጠው "እሺ" አንድ አይደሉም። ጽሑፍ ላይ ሦስቱም አንድ ናቸው፣ የአውራ ጣት ምልክቱም ያው ነው። ስለዚህ ለሥራ "እሺ" ብቻ አትጻፉ። "እሺ፣ ጠዋት አወጣዋለሁ" ማለት ሁለት ቃል ብቻ ይጨምራል።

ሰላምታም እንደዚሁ ነው። "ሰላም" ብሎ ጽፎ መልስ እስኪመጣ መጠበቅ በኛ ባህል ጨዋነት ነው፤ ገብቶ ሳይጠይቁ ጉዳይ መጀመር አይቻልም። ስልክ ላይ ግን ሰውየው ሥራ ላይ ሆኖ "ምን ሆነው ይሆን?" እያለ ይቆያል። ሰላምታውንም ጉዳዩንም በአንድ መልእክት ላኩ። "አሰላሙ አለይኩም" ብሎ ለጻፈ ሰው ደግሞ "ወአለይኩም ሰላም" ሳይሉ ወደ ጉዳይ መግባት፣ ይፋት ውስጥ በቶሎ ይታወቃል።

"መጣ" ነው "መታ"?

አማርኛን በላቲን ፊደል የመጻፍ ልማድ ያለምክንያት አልመጣም። ድሮ በቴክስት ስንላላክ አንድ መልእክት በላቲን 160 ሆሄ ይይዛል፣ በግዕዝ ፊደል ግን 70 ብቻ። ያው በሁለት መልእክት ሒሳብ ይቆረጣል። ቀፎውም ፊደላችንን ላያሳይ ይችል ነበር። ዛሬ ሁለቱም ችግር ቻት ላይ የለም፣ ልማዱ ግን ቀርቷል።

ችግሩ ላቲን "ተ"ንና "ጠ"ን፣ "ከ"ንና "ቀ"ን አለመለየቱ ነው። "ዘበኛው መጣ" እና "ዘበኛው መታ" በላቲን ሲጻፉ ቁርጥ አንድ ናቸው። አንደኛው ተራ ወሬ ነው፣ ሌላኛው ፖሊስ የሚያስጠራ። "ላክልኝ" እና "ላኪልኝ"ም ብዙ ጊዜ ይመሳሰላሉ። ከጓደኛ ጋር ግድ የለም። መጠን፣ ስም፣ የመድኃኒት ትእዛዝ፣ የብር ልክ ካለበት ግን በፊደል ጻፉ። ታላላቆቹም በላቲን የተጻፈ አማርኛ ማንበብ ያደክማቸዋል፣ ደክመው ደግሞ መልስ አይሰጡም።

"አሉ" የሚለው ትንሽ ቃል

ለይፋት ሰው ከሁሉም የሚከብደው ይሄኛው ነው።

በ2013 አጣዬና አካባቢዋ ሲቃጠሉ፣ በኅዳር 2014 ጦርነቱ ሸዋሮቢት ሲደርስ፣ ከዚያም በኋላ መንገዱ በየጊዜው ሲዘጋና ሲከፈት፣ የሥራ ግሩፕ የደህንነት ግሩፕም ሆኖ ነበር። በሐምሌ 2015 መጨረሻ የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ ያ ሁሉ ለወራት ወደ ስልክ ጥሪና ወደ አፍ ተመለሰ። አሁንም መኪና ከመነሳቱ በፊት ብዙ ሰው የሚከፍተው ቴሌግራሙን ነው።

አማርኛ ለዚህ የሚሆን ድንቅ መሣሪያ አለው። "መንገዱ ተዘግቷል" እና "መንገዱ ተዘግቷል አሉ" አንድ አይደሉም። የመጀመሪያው እኔ አውቃለሁ ይላል፣ ሁለተኛው ሰማሁ ይላል። ቻት ላይ ግን ስንቸኩል "አሉ" ይወድቃል። አንዱ "አሉ" ብሎ ይጽፋል፣ ሁለተኛው አሳጥሮ ወደ ሌላ ግሩፕ ይወስደዋል፣ ሦስተኛው ጋ ሲደርስ ወሬው እውነት ሆኗል። ሽንኩርት የጫነ መኪና ይቆማል፣ ሪፈር የተጻፈላት እናት ታድራለች። ወይ ደግሞ በተቃራኒው "ሰላም ነው፣ ኑ" ተብሎ ሰው ይነሳል።

ቀለል ያለ ቋንቋ እዚህም ይቻላል። "እኔ ራሴ ሰንበቴ ነኝ፣ 4 ሰዓት ላይ መኪና እያለፈ ነው" ማለት ዘና ያለ ነው፣ ግን ማን፣ የት፣ መቼ ብሎ ይመልሳል። የሰማችሁ ከሆነ "አሉ" ትቅር አትበሉ፤ ከማን እንደሰማችሁም ጨምሩ።

የብሔርና የሃይማኖት ቀልድም ከዚሁ ጋር ይሄዳል። ቡና ላይ የተባለ ቀልድ ከቡናው ጋር ያልቃል፣ ግሩፕ ላይ የተጻፈ በስክሪንሾት ሌላ ከተማ ይደርሳል። እዚያ የሚያነበው ሰው እናንተ ስትስቁ አላየም።

የአራዳ ቋንቋን በተመለከተ ብዙ የምለው የለም። "ጀለስ"፣ "ችስታ"፣ "ነቄ" እኩያ መሀል ይሠራሉ። "ፋራ" የምትለዋን ግን ከግሩፕ አርቋት፤ ከአዲስ አበባ ውጪ ያለ ሰው "የገጠር ሰው" ተብሎ እንደተሰደበ ነው የሚያነባት።

ሰዓትና ማስረጃ

"ስብሰባ በ8 ሰዓት" አትጻፉ። ስልኩ በፈረንጅ ሰዓት፣ አዲስ አበባ ያለው ዋና መሥሪያ ቤት አንዳንዴ በዚያው፣ እናንተ በሐበሻ ናችሁ። "ከሰዓት በኋላ 8 ሰዓት" ማለት ይበቃል። እሁድ ለቢሮ ሠራተኛ ዕረፍት ነው፣ ለነጋዴ ግን የሰንበቴ ገበያ ቀን ነው፤ በዚያ ቀን መልስ ዘገየ ብላችሁ አትቀየሙ። ዓርብ በጁምዓ ሰዓትም እንደዚሁ።

በአዋጅ 1156 መደበኛ የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት አይበልጥም። የመንግሥት ሠራተኛ የራሱ ሕግ አለው። ሌሊት 5 ሰዓት ላይ የመጣ መልእክት ጠዋት ቢመለስ አለመታዘዝ አይደለም። "ደህና አደሩ፣ አሁን አየሁት" ብሎ መጀመር ነገሩን ያለሰልሰዋል።

በመጨረሻ፣ ዘና ማለት ነው ተብሎ የሚያልፍ ነገር አለ። አለቃ ለገንዘብ ያዥዋ በግል "ማሬ"፣ "ቆንጂት" ብሎ መጻፉ፣ አልፈልግም ስትል መቀጠሉ። ያው አዋጅ ወሲባዊ ትንኮሳን በሥራ ቦታ ይከለክላል፤ አሠሪው ወይም የሥራ መሪው ይህን ከፈጸመባት ሠራተኛዋ ያለማስጠንቀቂያ ሥራዋን መልቀቅ ትችላለች። ቻትም ማስረጃ ይሆናል፤ የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 አንድ መረጃ ኤሌክትሮኒክ ስለሆነ ብቻ ሕጋዊ ውጤት እንዳይነፈገው ይላል። ቴሌግራም ላይ ላኪው መልእክቱን ከሁለቱም ስልክ ማጥፋት ስለሚችል፣ ስሙና ቀኑ የሚታይበት ስክሪንሾት ወዲያው አንሱና ከስልካችሁ ውጪም አንድ ቦታ አስቀምጡት።