«ሜንስ ሬያ»፦ የሐሳብ ክፍል እንጂ ክፉ ልብ አይደለም

አንድ ሰው ማንም በማይኖርበት ቤት ምድር ቤት ገብቶ የጋዝ ቆጣሪውን ነቀለ፤ በውስጡ የተጠራቀሙትን ሳንቲሞችም ወሰደ። የጋዙ መዝጊያ ከቆጣሪው ስልሳ ሳንቲ ሜትር ያህል ቢርቅ ነው፤ ሰውየው ግን አልዘጋውም። መርዛማው ጋዝ በግድግዳው ሾልኮ በጎረቤት ቤት ተኝተው የነበሩትን አሮጊት አፍኖ ሕይወታቸውን አደጋ ላይ ጣለ።

ይህ እ.ኤ.አ. በ1957 በእንግሊዝ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት የተወሰነው የካኒንግሃም ጉዳይ ነው። ስርቆቱን ሰውየው ራሱ አምኗል። ያከራከረው ሴትዮዋን በመመረዝ የቀረበበት ክስ ነው። የሥር ፍርድ ቤቱ ዳኛ በ1861 ሕግ ውስጥ ያለውን «በተንኮል» የሚል ቃል «በክፋት» ብለው ለጁሪው አስረዱ፤ ጁሪውም ጥፋተኛ አለው። ይግባኝ ሰሚው ፍርዱን ሻረ። ሌባ ክፉ ቢባልም ክፋቱ ብቻ አይበቃም፤ ጉዳቱን አስቦ ወይም ጋዙ ሰው ሊጎዳ እንደሚችል ታይቶት ያንን ማድረጉ መረጋገጥ ነበረበት።

እንግሊዞች ይህንን የአእምሮ ሁኔታ በላቲን «ሜንስ ሬያ» ይሉታል። ቃል በቃል «በደለኛ አእምሮ» ማለት ነው። አንዳንዱ ተርጓሚ «ክፉ ልብ» ሊለው ይዳዳዋል፤ ያ ግን የዚያን ዳኛ ስሕተት በአማርኛ መድገም ነው። ሕመምተኛ ወዳጁን ከሥቃይ ላሳርፈው ብሎ የገደለ ሰው ልቡ ርኅሩኅ ሊሆን ይችላል፤ በእንግሊዝ ሕግ ግን ለመግደል አስቧልና ነፍሰ ገዳይ ነው። የኛ የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ «ሞራላዊ» ፍሬ ነገር ይላል። እሱም ቢሆን አንባቢን ወደ ግብረ ገብ ይመራዋል ብዬ እሰጋለሁ። ጠበቆችና ዐቃቤ ሕጎች በየችሎቱ የሚሉት «የሐሳብ ክፍል» ይሻላል።

አንድ ቅሬታ አለኝ፤ «ሐሳብ» ሲባል ማሰብ ብቻ ይመስላል። የእንግሊዝ ሕግ ግን አደጋው እየታየው ያለ በቂ ምክንያት የገባበትንም ይቀጣል። ይህንን «ቸልተኝነት» ማለት አይሆንም፤ ቸልተኛ አደጋው ጭራሽ ላይታየው ይችላልና። እኔ «አውቆ መድፈር» እለዋለሁ።

ልዩነቱ የቃላት ጨዋታ አይደለም። አንድ የ11 እና አንድ የ12 ዓመት ልጅ ከሱቅ ጀርባ ጋዜጣ አቀጣጠሉ፤ እሳቱ ተዛምቶ አንድ ሚሊዮን ፓውንድ ገደማ የሚያወጣ ንብረት አወደመ። እ.ኤ.አ. ከ1981 ጀምሮ በነበረው አሠራር፣ አስተዋይ አዋቂ ሰው ሊያየው ይችል የነበረ አደጋ ለልጆቹም እንደታያቸው ያህል ይቆጠር ነበርና ተፈረደባቸው። ያኔ የመጨረሻው ፍርድ ቤት የነበረው የሎርዶች ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ2003 ያንን አሠራር ሽሮ፣ አደጋው ለራሳቸው ለልጆቹ ታይቷቸው ነበር ወይ ብሎ ጠየቀ። ጥፋተኝነታቸውም ተሰረዘ።