ስሙ የራቀ ሣር፦ ትዝታ፣ ፍለጋና ዳጉ በአዋሽ ሸለቆ

አንድን ነገር እያስታወሱ ስሙን ማጣት ከመርሳት ይለያል። የረሳ ሰው የሚፈልገው የለውም፤ ስሙ የጠፋበት ሰው ግን መልኩን ያያል፣ የነበረበትን ቦታ ያውቃል፣ የተሳሳተ ስም ቢነግሩት «አይደለም» ይላል። ዊልያም ጄምስ እ.ኤ.አ. በ1890 ባሳተመው የሥነ ልቦና መጽሐፉ ይህን ልብ ብሎታል። ሮጀር ብራውንና ዴቪድ ማክኒል በ1966 ባወጡት ጥናት ለተማሪዎች የብርቅ ቃላትን ፍቺ እያነበቡ ቃሉን ሲጠይቁ፣ «ምላሴ ላይ ነው» ያሉት ብዙ ጊዜ የመጀመሪያውን ፊደል በትክክል ገመቱ። በ1991 ደግሞ ዲቦራ በርክና ባልደረቦቿ ምክንያቱን የሚያስረዳ መላምት አቀረቡ፦ ትርጉምን ከድምፅ የሚያገናኘው ሰንሰለት ስሙ ሳይጠራ ሲቆይና ዕድሜ ሲገፋ ይላላል።

እነዚህ ጥናቶች የመረመሩት ለብቻው የሚያስታውስን ሰው ነው። በአፋር ፍለጋው የጋራ ነው። ከአዋሽ ሰባት ኪሎ በገዋኔና በሚሌ አልፎ ሰመራ በሚደርሰው መንገድ ግራና ቀኝ፣ የተገናኙ ሰዎች ስለ ሰላሙ፣ ስለ ዝናቡና ስለ ግጦሹ ዳጉ የሚባለውን የቃል ዜና ይለዋወጣሉ። ግመል የጠፋበት ቀለሟንና የጎሳ ምልክቷን ይናገራል፤ ሰሚው ለሚቀጥለው ያደርሳል። ተናጋሪው በዓይኑ ያየውን ከሰማው መለየት አለበት፤ ሐሰት ያወራ በባህላዊው ሕግ ይጠየቃል። ይህ ጥንቃቄ ለስም ፍለጋም ይበጃል፤ ለመርዳት የቸኮለ ሰው የሚሰነዝረው ተቀራራቢ ስም በጠያቂው አእምሮ ተጣብቆ ትክክለኛውን ሲያርቅበት ይታያልና።

ይበልጥ የሚያሳስበኝ ስሙን የሚያስጠራው ነገር ራሱ ሲጠፋ ነው። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ የገባው ፕሮሶፒስ የተባለ መጤ ዛፍ በአሚባራና በገዋኔ የግጦሽ መሬት ተስፋፍቶ የአገር በቀል ሣሮችን ቦታ ወስዷል። ሣሩን ያላየ ልጅ ስሙን አይጠይቅም፤ የሚጠይቃቸው ያጡ አዛውንትም ስሙ ይርቃቸዋል። የእነ በርክ መላምት እዚህ ላይ የአእምሮ ብቻ ሳይሆን የመሬትም ጉዳይ ይሆናል።

ስለዚህ በሰመራ ሆኖ የቃል ታሪክ የሚሰበስብ ተመራማሪ፣ አዛውንቱ ስሙ ጠፍቷቸው ዝም ሲሉ «አያስታውሱም» ብሎ ማለፍ የለበትም። ሣሩ ከዝናብ በኋላ በምን ዓይነት አፈር ይበቅል እንደነበር፣ የትኛው እንስሳ እንደሚመርጠው፣ የበላችው ላም ወተቷ ምን ይመስል እንደነበር ይጠይቅ። መልሱንም ያለ ስም ይመዝግበው፤ ገዋኔ ላይ የተነገረው ገለጻ አሚባራ ካሉ እናት ዘንድ ስሙን ሊያገኝ ይችላል።