ለሁለት የተሰነጠቀው እንጉዳይ

ስለ እንጉዳይ ልንጽፍ ነው ስንል የሳቁብን አሉ። «የጅብ ጥላም ታሪክ አለው እንዴ?» አሉን። አልፈረድንባቸውም። አብዛኞቻችን ባደግንበት ደጋ፣ ክረምት ሲገባ ከግጦሹ ላይ ብቅ የሚለውን ነጭ ጃንጥላ በእግራችን እየመታን እናልፋለን እንጂ ከድስት ጋር አናገናኘውም። በደቡብ ምዕራብ ደኖቻችን የሚኖሩ ወገኖች ግን የሚበላውን ከሚገድለው ለይተው ይለቅሙታል። ይሁንና የዛሬው ጉዳያችን መብላቱ አይደለም። ማን ይልቀመው፣ በማን ፈቃድ ይልቀመው፣ ፈቃዱስ መቼና ለምን አስፈለገ ነው የምንለው። (የውጭውን ዘመን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር እንጽፋለን፤ የአገራችንን ስንጠቅስ ዓ.ም. እንላለን።)

ነገሩ ወዲህ ነው። በአሜሪካ በኦሪገን ክፍለ ግዛት፣ ከጥድ ሥር ማትሱታኬ የሚባል እንጉዳይ ይበቅላል። ደኑ የመንግሥት ነው፤ በሕግ አነጋገር የሕዝብ ማለት ነው። የንግድ ፈቃድ ሳይገዛ ለቤቱ ብቻ የሚለቅም ሰው፣ ያገኘውን እያንዳንዱን ማትሱታኬ ከላይ እስከ ታች ለሁለት እንዲሰነጥቅ ደንቡ ያዛል። ለምን? ለጣዕሙ አይደለም፣ ለጤናም አይደለም። የጃፓን ገበያ የሚፈልገው ሙሉውንና ያልተነካውን ነው። ስለዚህ እንጉዳዩ ሲሰነጠቅ ሸቀጥ መሆኑ ያበቃል፤ ምግብ ብቻ ሆኖ ይቀራል። ሕግ ምግብንና ሸቀጥን በቢላዋ ሲለይ እንዲህ በግልጽ አይተን አናውቅም። ይህች ቢላዋ ከየት መጣች ብለን ወደኋላ ሄድን።

መጀመሪያ እንግሊዝ። «ፎረስት» የሚለው ቃል በጥንት ጊዜ የዛፍ ክምችት ማለት አልነበረም። የንጉሥ አደን የሚጠበቅበት፣ ልዩ ሕግ የሚገዛው መሬት ማለት ነበር፤ ውስጡ መንደርም እርሻም ነበረበት። ዊልያም ድል አድራጊው በ1066 አገሪቱን ከያዘ በኋላ እሱና ተከታዮቹ ይህን ክልል እያሰፉት ሄዱ። ገበሬው በገዛ ቀዬው አጋዘን ነካህ፣ ዛፍ ቆረጥህ እየተባለ ይቀጣ ጀመር። በኅዳር 1217 በ10 ዓመቱ ንጉሥ በሄንሪ ሣልሳዊ ስም የደን ቻርተር የሚባል ሰነድ ወጣ። ስለ ማግና ካርታ ያልሰማ ተማሪ የለም፤ ይህን ግን የሚያነሣ መምህር ጥቂት ነው። ቻርተሩ ለንጉሥ አጋዘን ሲባል ማንም ሕይወቱን ወይም አካሉን እንዳያጣ ደነገገ። ቅጣቱ ገንዘብ፣ መክፈል ያቃተው ደግሞ አንድ ዓመት ከአንድ ቀን እስራት ሆነ። ነጻ ሰው ዓሣማውን በደን እንዲያሰማራ፣ በራሱ ደን ያገኘውንም ማር እንዲወስድ ተፈቀደለት።

እዚህ ላይ ግን እንጠንቀቅ። «ነጻ ሰው» ማለት ሁሉም ሰው ማለት አይደለም፤ ገባሩ ከዚያ ቃል ውጪ ነበር። ቻርተሩን የድኻ መጽሐፍ አድርገው የሚያወድሱትን ጸሐፊዎች ሙሉ በሙሉ አንከተልም። ቢሆንም መንግሥት «ይህ የኔ ነው» ባለው ደን ውስጥ ሌላው ሰው የሚጠቀምበት ነገር እንዳለ በጽሑፍ ማስቀመጡ ቀላል ነገር አይደለም። ሰነዱ እስከ 1971 ድረስ ከሕግ መዝገብ አልወጣም ነበር።

ከዚያ ከመውጣቱ ሦስት ዓመት በፊት፣ በ1968፣ እንግሊዞች አዲስ የስርቆት ሕግ አወጡ። እኛን የሳበን አራተኛው አንቀጽ ነው። በማንም መሬት ላይ በዱር የበቀለ እንጉዳይ የለቀመ ሰው ሌባ አይባልም ይላል። ቀጥሎ ግን «ካልሸጠው በቀር» የሚል ትርጉም ያለው ሐረግ አለ። በዋጋ ሊሸጠው ወይም ሊነግድበት ከለቀመው ሌባ ነው። ልብ በሉ፦ እንጉዳዩ ያው፣ ደኑ ያው፣ እጁም ያው ነው። ሌባ የሚያሰኘው ያሰበው ገበያ ነው።

ታዲያ ይህ መስመር እንዴት እንደሚንቀሳቀስ በደንብ ያሳየን የራይን አገር ታሪክ ነው። በ19ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ በፕሩሲያ ሥር በነበረው በዚያ አገር ድኻው ከጫካ የወደቀ ጭራሮ ይለቅም ነበር። ማንም አያስፈቅድም፤ ልማድ ነበር። የእንጨት ዋጋ ሲወጣ ባለ ደኖቹ ወደ ሸንጎው ሄዱ። ሸንጎው ደግሞ የነሱ ሸንጎ ነበረ፤ ሕግ አውጪውም ባለ ደኑም አንድ ሰው። ጭራሮ መልቀም እንደ እንጨት ስርቆት እንዲቆጠር ረቂቅ ቀረበ። በ1842 መከር ላይ አንድ የ24 ዓመት ወጣት፣ ከእኛ እምብዛም የማይበልጥ፣ በኮሎኝ ከተማ ጋዜጣ ላይ ይህን ክርክር አንድ በአንድ ተቸ። ካርል ማርክስ ነው። ወደ ኢኮኖሚ ጥናት መጀመሪያ የገፋፉት እነዚህ የእንጨት ስርቆት ክርክሮች እንደሆኑ ራሱ በ1859 ጽፏል። ስሙን ስናነሣ ፊቱን የሚያዞር አንባቢ አለ፤ ሌላው ደግሞ ገና ስሙን ሲሰማ ያጨበጭባል። ሁለቱም ይቆዩልን፤ እኛን የገረመን ከዚያ ክርክር ውስጥ ያለች አንዲት ትንሽ ነገር ናት።

ነገሩ የዱር እንጆሪ ነው። የድኻ ልጆች የሚለቅሙት የጫካ ፍሬም በረቂቁ እንደ ስርቆት ተቆጠረ። ከከተማ የመጣ አንድ ተወካይ ይህን ተቃወመ፤ ልጆች ለወላጆቻቸው ጥቂት ሳንቲም የሚያገኙበት የቆየ ልማድ ነው አለ። ሌላው ተወካይ መለሰለት፦ በኔ አገር እኮ ይህ ፍሬ የንግድ ዕቃ ሆኗል፣ በበርሜል ወደ ሆላንድ ይጫናል። መከራከሪያው ይኸው ነው! ፍሬው እያለቀ ነው አላለም። ጫካው እየተጎዳ ነው አላለም። ዋጋ አውጥቷል ነው ያለው። ትናንት የማንም ያልነበረው ፍሬ በርሜል ውስጥ ሲገባ ባለቤት ተገኘለት፤ ያቺ ቅርጫት ይዛ የወጣች ሕፃንም ሌባ ሆነች።

ከሆላንዱ በርሜል እስከ ኦሪገን ብዙ ዓመት ነው፤ መንገዱ ግን አንድ ነው። ለመረዳት በጃፓን በኩል ማለፍ አለብን።

ማትሱታኬ ከቀይ ጥድ ሥር ጋር ተቆራኝቶ የሚኖር ነው። እንደ ሌላው እንጉዳይ በጓሮ አይመረትም፤ ያልተሞከረ ዘዴ የለም፣ እስካሁን ለገበያ የሚበቃ አልሆነም። ለጃፓኖች የመከር ወራት ሽታና የከበረ ስጦታ ነው። በብዙ መንደሮች ኮረብታው የጋራ ነበር። ወቅቱ ሲደርስ የየኮረብታው ለቀማ በጨረታ ይሰጥና ገንዘቡ ለመንደሩ ሥራ ይውላል። እንግዲህ እዚያም ደንብ ነበር፤ ደንቡን የሚያወጡት ግን ከኮረብታው ሥር የሚኖሩት ናቸው።

በ1941 ጃፓን ወደ 12,000 ቶን ያህል ማትሱታኬ ለቀመች። በቅርብ ዓመታት መቶ ቶን እንኳ ያልሞላበት ጊዜ አለ። ምን ነካው? የመጀመሪያው መልስ «ብዙ ለቅመው ጨረሱት» የሚል ይመስላል። እኛም እንደዚያ ነበር የገመትነው። ነገሩ ግን ተቃራኒ ሆኖ አገኘነው። ገበሬው ለማገዶ ጭራሮ ሲለቅም፣ ለእርሻው ማዳበሪያ የረገፈ ቅጠል ሲጠርግ፣ የጥዱ ሥር ክፍትና ጠፍ ሆኖ ይኖር ነበር፤ ማትሱታኬም የሚወደው እንዲህ ያለውን መሬት ነው። ከ1950ዎቹ በኋላ ጋዝና ዘይት ወደ ቤት ገባ፣ ማዳበሪያው ከፋብሪካ መጣ፣ ወጣቱ ወደ ከተማ ሄደ። ለቃሚ የሌለው ጫካ በቁጥቋጦ ታፈነ። ጥዱን የሚገድል ከሰሜን አሜሪካ የመጣ ጥቃቅን ትልም ተጨመረበት። እንጉዳዩ የጠፋው ድኻው ከጫካ በመውጣቱ ጭምር ነው።

የጃፓን ሰው ግን መብላቱን አልተወም። በ1980ዎቹ የጃፓን ገንዘብ ሲጠነክር ነጋዴው ወደ ባሕር ማዶ ተመለከተ፤ ኦሪገን ተገኘች። ከጦርነት ሸሽተው የመጡ የላኦስና የካምቦዲያ ስደተኞች፣ ላኦ፣ ህሞንግ፣ ሚየን፣ ክመር፣ ወደ ጥዱ ጫካ ገቡ። እንግሊዝኛ ለማያውቅና አለቃ ለማይፈልግ ሰው የሚሆን ሥራ ነበር። ቀን ይለቅማሉ፤ ማታ ገዢው በመንገድ ዳር ድንኳኑን ተክሎ ይጠብቃቸዋል። እንጉዳዩ በየደረጃው ይለያል፤ ገና ጃንጥላውን ያልከፈተው ውድ ነው፣ የተከፈተው ርካሽ ነው። ዋጋው ባንድ ምሽት ውስጥ እንኳ ይወጣል ይወርዳል።

የፈቃዱ ሥርዓት የጠበቀው በዚህ ጊዜ ነው። በ1999 የአሜሪካ ምክር ቤት ከብሔራዊ ደኖች የሚለቀሙ የዱር ውጤቶች፣ እንጉዳይም ጭምር፣ በገበያ ዋጋ ልክ እንዲከፈልባቸው የሚያዝ ድንጋጌ አወጣ። በደሹትስና በአጎራባቾቹ ደኖች የንግድ ለቃሚ ለቀን 8 ዶላር፣ ከሦስት ቀን ሳያንስ፤ ለግማሽ ወቅት 100፣ ለሙሉው 200 ዶላር ሲከፍል ቆይቷል። ዕድሜው 18 መሙላት አለበት። ፈቃድ የሌለው ደግሞ ያቺ ቢላዋ አለችለት።

እንግዲህ ደንብ ሁሉ የጨቋኝ ነው ብለን እንጨርስ? ይህማ ስንፍና ነው። አንዳንዱ ደንብ እውቀት አለበት። በስዊዘርላንድ፣ ፍሪቡር አካባቢ፣ ሳይንቲስቶች ለ29 ዓመት እንጉዳይ እየለቀሙና ሳይለቅሙ አነጻጽረው ውጤቱን በ2006 አሳተሙ። መልቀም ለከርሞው ምርት ጉዳት የለውም። መሬቱን መርገጥ ግን ብቅ የሚለውን ቁጥር ይቀንሳል። በኦሪገንም ማትሱታኬ ላይ በተደረገ ጥናት በጥንቃቄ መልቀም አልጎዳም፤ በባለ ጥርስ መቧጠጫ የረገፈውን ቅጠል ገፎ ሳይመልሱ መሄድ ግን ለዓመታት ጎዳ። የጣሊያን የ1993 ሕግ መቧጠጫና የፕላስቲክ ከረጢት መከልከሉ ታዲያ ያስመሰግነዋል። ያው ሕግ ለአንድ ሰው በቀን ከ3 ኪሎ እንዳይበልጥም ይወስናል። እዚህ ላይ ግን እንጠይቃለን፤ መልቀም ካልጎዳ ሚዛኑ ምን ይሠራል? መቧጠጫውን መከልከል ለጫካው ነው። ኪሎውን መቁጠር ለጫካው ነው ወይስ ለገበያው? አንድ ደንብ ላይ ሁለቱ ተቀላቅለው ሲቀመጡ ሰው የመጀመሪያውን አክብሮ ሁለተኛውን ሳይጠይቅ ይውጣል።

ይህን ሁሉ ስናነብ በዓይናችን ላይ የነበረው ሥዕል የኦሪገን አልነበረም። የእንጦጦ ነበር። ምክንያቱም የእኛ እንጉዳይ የባሕር ዛፍ ቅጠል ነው።

ባሕር ዛፉ በአፄ ምኒልክ ዘመን፣ በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ላይ ነው የመጣው። አዲስ አበባ በሱ በሰለች፣ በሱ ተሠራች። በ1957 ዓ.ም. የመንግሥት ደን፣ የግል ደን፣ የጥበቃ ደን እየተባለ ሦስት አዋጅ በአንድ ጊዜ ወጣ። በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ሆነ። ከዚያም ወዲህ የደን አዋጅ ተደጋግሞ ተሻሽሏል፤ በ1999 ዓ.ም. ቁጥር 542፣ በ2010 ዓ.ም. ቁጥር 1065። በዚህ ሁሉ መካከል ገና ሳይነጋ ከሽሮ ሜዳ ወደ ተራራው የምትወጣው ሴት፣ ከቁመቷ የሚበልጥ ቅጠልና ጭራሮ በጀርባዋ አዝላ ጎንበስ ብላ ስትወርድ ኖራለች። ባላባት ሄደ፣ መንግሥት ተለወጠ፤ የሷ ገመድ አልተለወጠም።

ዘበኛው የሚይዛት ዛፍ ስለቆረጠች አይደለም። ብዙ ጊዜ የያዘችው የረገፈ ቅጠል ነው። ሸክሙ ትልቅ ነው፤ ትልቅ ከሆነ ደግሞ ለሽያጭ ነው። ለቤቷ ምጣድ አንድ እቅፍ ብትይዝ ማን ያያታል? ጥፋቷ የሚጀምረው ገመዱ ሲረዝም ነው። ልክ እንደ እንግሊዙ አንቀጽ፣ ልክ እንደ ራይኑ እንጆሪ። በዚያም ላይ ዘበኛው ራሱ ደመወዙ ትንሽ፣ ቤቱ ደግሞ ያው ቅጠል የሚነድበት ሰፈር ነው። ሸክሙን ሲቀማት ሁለቱም ምጣዱን ያውቁታል።

በ2013 ዓ.ም. መጀመሪያ በእንጦጦ ጫካ ውስጥ ትልቅ ፓርክ ተከፈተ። ያማረ ነው፤ ሄደን አይተነዋል። በጥርጊያው መንገድ ላይ ስንሄድ አንዱ ጓደኛችን የኦሪገኑን ደንብ አነሣና፣ እዚህ ቢታወጅ ሴትዮዋ ምን ታደርግ ይሆን አለ። ሳቅን፤ ቀጥሎም ዝም አልን። ማትሱታኬ ሲሰነጠቅ ገበያው ይዘጋበታል። ቅጠል ግን ተቀድዶም ይነዳል፤ ተቀድዶም ይሸጣል።