የፕላስቲክ ካያክ ስንጥቅ ጥገና

ለዓሣ ማስገሪያ የሚውል የፕላስቲክ ካያክ ሲሰነጠቅ በሙቀት በይዶ የመድፈን ሥራ። ካያኮቹ በአብዛኛው ከፖሊኢትሊን የሚሠሩ ሲሆን፣ ዱቄቱ በሚሽከረከር የጋለ ቅርጽ ማውጫ ውስጥ ቀልጦ አንድ ወጥ አካል ይሆናል። ስንጥቅ የሚበዛው በድንጋይና በአሸዋ ላይ በሚጎተተው ሆድ እና በውኃ ማፍሰሻ ቀዳዳዎቹ ዙሪያ ነው።

ብዙ ሰው ቀድሞ የሚያነሳው ሙጫ ነው፤ ድካሙ ግን ከንቱ ይሆናል። የፖሊኢትሊን ገጽ ሰም መሰል ስለሆነ ኤፖክሲ በደንብ አይዘውም፣ ቢይዘውም ጀልባው ሲተጣጠፍ ይላቀቃል። አስተማማኙ ብየዳ ነው። በቅድሚያ በስንጥቁ ሁለት ጫፎች ላይ ትናንሽ ቀዳዳዎች ይበሳሉ፤ ስንጥቁን ባለበት የሚገታው ይህ ስለሆነ ፈጽሞ መዘለል የለበትም። ቀጥሎ ጠርዙ እንደ ቦይ ተፍቆ፣ ጸድቶና ደርቆ በሙቅ አየር ወይም በጋለ ብረት ይበየዳል። መሙያው ዘንግ ከጀልባው ጋር አንድ ዓይነት ፖሊኢትሊን መሆን አለበት። ፕላስቲኩ ከ120 እስከ 130 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ይቀልጣል። ዘንጉ ብቻ ቀልጦ የጀልባው ጠርዝ ካልቀለጠ ብየዳው ላይ ላዩን ተለጥፎ ይቀራል፤ የብዙ ጥገናዎች ውድቀት ከዚህ ይመጣል። ሰንሰለታዊ ሞለኪውሎቹ እርስ በርስ ከተሳሰሩበት ፖሊኢትሊን የተሠራ ካያክ ግን ስለማይቀልጥ አይበየድም።