በራያ ቆላ የአዝመራ ጥበቃና የጥይት ምርጫ

በቆቦ ዙሪያ የተዘረጋው የራያ ሜዳ ከባሕር ወለል በላይ ከ1,400 እስከ 1,500 ሜትር ያህል ከፍታ ያለው፥ በምዕራብ የደጋው ገደል፥ በምሥራቅ የዞብል ተራራ የሚያዋስኑት ሰፊ ቆላ ነው። ዋና አዝመራው ማሽላ ነው። ማሽላው በሚያዝያና በግንቦት ተዘርቶ በኅዳርና በታኅሣሥ ስለሚታጨድ ሰባት ወር ያህል በማሳ ላይ ቆሞ ይቆያል። በዚህ ረጅም ጊዜ ውስጥ የሚጠፋበት መንገድ ብዙ ነው። ከርከሮና ጃርት ሌሊት ይገቡበታል፤ ዝንጀሮና ጦጣ በቀን ከኮረብታው ይወርዱበታል፤ እሸቱ ወተት ሲይዝ ደግሞ የግሪሳ መንጋ እንደ ደመና ይወርድበታል። የራያ ገበሬ ከእነዚህ ሁሉ ጋር የሚታገለው በምን መሣሪያ ነው? ጠመንጃ ካለውስ በየትኛው ጥይት?

ስለ ጦር መሣሪያ ታሪክ የተጻፈው አብዛኛው የጦር ሜዳን ነገር የሚመለከት ነው። ያው ጠመንጃ ከዘመቻ መልስ በማሳ ዳር ሲቆም ምን ይሠራ እንደ ነበረ እምብዛም አልተመረመረም። ነገሩ ግን ጥቂት ነገር አይደለም፤ ምክንያቱም በአንድ ጥይት ዋጋና በአንድ ሌሊት በሚጠፋ እህል መካከል ያለውን ሒሳብ ባላገሩ በየዓመቱ ይሠራው ነበር።

በአውሮፓና በአሜሪካ አዝመራ አጥፊ አውሬን መግደል ራሱን የቻለ የአደን ክፍል ሆኖ ልዩ ጥይት ተሠርቶለታል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1930 ሃያ ሁለት ሆርኔት፥ በ1950 ደግሞ ሁለት መቶ ሃያ ሁለት ሬሚንግተን የተባሉት ጥይቶች ወጡ። የሁለቱም አረር ስፋት 5.7 ሚሊ ሜትር ያህል ሲሆን ክብደቱ 3 ግራም ገደማ ነው። የሁለተኛው ፍጥነት በሰከንድ 970 ሜትር ያህል ይደርሳል። እንዲህ ያለው ጥይት የሚመረጠው ስለ ሦስት ነገር ነው፤ ሳይጎብጥ ሩቅ ይሄዳል፤ ሰደፉ ትከሻን አይመታም፤ ከሁሉም በላይ ቀጭኑ አረር አውሬውን ወይም መሬቱን ሲነካ ብዙ ጊዜ ተሰባብሮ ስለሚቀር ከዒላማው ወዲያ ያለውን ሰው የመጉዳት ዕድሉ ያነሰ ነው። ወደ ራያ የገባው ጥይት ግን አንዱም ለዚህ ተብሎ የተሠራ አልነበረም። ሁሉም ሰውን ለመግደል የተሠራ ነበር፤ ገበሬውም ምርጫውን ያደረገው ከዚያው ውስጥ ነው።

ከቀድሞዎቹ መካከል በአገሩ ሁሉ የተስፋፋው ውጅግራ ነው። ስሙ «ፉዚል ግራ» ከሚለው የፈረንሳዮች አጠራር የመጣ ነው፤ ሰናድር ከእንግሊዙ ስናይደር፥ ለበን ከፈረንሳዩ ለበል እንደ መጡት ሁሉ። ምንሽርንም ከማንሊከር ጋር የሚያያይዙት አሉ። ውጅግራ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1874 የተሠራ፥ አንድ ጥይት ብቻ የሚጐርስ፥ የአፈሙዙ ስፋት 11 ሚሊ ሜትር የሆነ ጠመንጃ ነው። አረሩ 25 ግራም የሚመዝን እርሳስ ሲሆን ፍጥነቱ በሰከንድ 450 ሜትር ያህል ነው። ከላይ ከተነገረው የሬሚንግተን አረር ጋር ሲተያይ ክብደቱ ስምንት እጥፍ፥ ፍጥነቱ ደግሞ ከግማሹ ያነሰ ነው። ጢሱ ብዙ ነው፤ ሰደፉ ይመታል፤ ከሩቅ ሲተኮስ አረሩ ቶሎ ይወርዳል። የአደን ሊቅ ነኝ የሚል ሰው ለዝንጀሮ የሚመርጠው የመጨረሻው ጥይት ይህ ነው።

ነገር ግን ውጅግራ ሌላው የሌለው አንድ ጠባይ ነበረው። ጥይቱ በጥቁር ባሩድ የሚሠራ ነው፤ ጥቁር ባሩድ ደግሞ በአገር ውስጥ ከጨው ጴጥሮስ፥ ከድኝና ከከሰል ይቀመም ነበር። ድኙ ከራያ በስተ ሰሜን ምሥራቅ ባለው በአፋር ዝቅተኛ አገር፥ በዳሎል አካባቢ ይገኛል። እርሳሱም በቤት እሳት ቀልጦ በቅርጽ ይፈሳል። ስለዚህ የተተኮሰው ቀለህ አይጣልም፤ እሳት የሚሰጠው ትንሹ ቆብ ከተገኘ እንደ ገና ይሞላል። እንዲህ የተሞላው ጥይት ከፋብሪካው ይደክማል፤ አንዳንዴም ይከሽፋል። በጦር ሜዳ የከሸፈ ጥይት ባለቤቱን ያስገድላል፤ በማሳ ዳር የከሸፈ ጥይት ግን ከርከሮውን ያስመልጣል እንጂ ሌላ ጉዳት የለውም። ይህን ልዩነት ማስተዋል ያስፈልጋል።

ሌላም ነገር አለ። በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻና በ20ኛው መጀመሪያ ጥይት በብዙው የኢትዮጵያ ክፍል እንደ ገንዘብ ይሠራ ነበር። ከማርያ ቴሬዛ ብር በታች ያለውን ዝርዝር አሞሌ ጨውና የውጅግራ ጥይት ይሞሉት ነበር። እንግዲህ በዝናሩ ሃያ ጥይት የያዘ ሰው ሃያ ሳንቲም እንደ ያዘ ሰው ነው፤ በጦጣ ላይ ተኩሶ ቢስት ገንዘቡን ወደ ጫካ ወረወረ ማለት ነው። በዚህ ሒሳብ መሠረት ባለ ዝናሩ ሙሉውን ጥይት ለገበያና ለዘመቻ ያስቀምጣል፤ ለማሳው የሚተርፈው ዳግመኛ የተሞላው፥ ገበያ የማይቀበለው ጥይት ነው።

ጢስ የሌለው ባሩድ የገባባቸው ለበንና ሞዘር ይህን አገልግሎት ሊሰጡ አልቻሉም። ቀለሃቸው በአገር ባሩድ ቢሞላ ኀይሉ ይጠፋል፤ ጠባቡ አፈሙዝም በጥቀርሻ ይዘጋል። አረራቸው ብረት ለብሶ የተሠራ በመሆኑ በቤት አይፈሰስም። ስለዚህ አዲሱ ጠመንጃ በክብር ተሰቅሎ ለሰው ጠላት ሲቀመጥ አሮጌው ውጅግራ የማሳ ጠባቂ ሆኖ መቆየቱ ከድኽነት ብቻ የመጣ አይደለም፤ የሥራ ክፍፍል ነው።

አፈሙዘ ጠባቡ ጥይት ወደዚህ አገር በብዛት የደረሰው በፖለቲካ መንገድ ነው። ራያና አዘቦ ከ1920 እስከ 1922 ዓ.ም. በዐመፅ ላይ ነበር። በ1922 ዓ.ም. ኢትዮጵያ፥ እንግሊዝ፥ ፈረንሳይና ኢጣልያ የተፈራረሙት ውል መሣሪያ የሚገባበትን መንገድ በመንግሥት እጅ አጠበበ። ከአምስት ዓመት በኋላ ግን ወራሪው ኢጣልያ የራያንና የአዘቦን ሰው ከመንግሥቱ ለመለየት ጠመንጃ፥ ጥይትና ብር አደለ። የማይጨው ጦርነት መጋቢት 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ከተደረገ በኋላ በአሸንጌ በኩል የሚመለሰውን የንጉሠ ነገሥቱን ሠራዊት የተኰሱበት በዚሁ ስጦታ የተጠናከሩ ሰዎች ነበሩ። በ1933 ዓ.ም. ኢጣልያ ሲሸነፍ ደግሞ ከሠራዊቱ የተረፈው ጠመንጃ በየቤቱ ገባ፤ በ1935 ዓ.ም. የተነሣው የወያኔ ዐመፅም መሣሪያ ሞልቶ በተረፈበት አገር የተነሣ ነበር።

ከዚህ ከኢጣልያ ትርፍ መካከል ካርካኖ የተባለው ጠመንጃ ይገኛል። የአፈሙዙ ስፋት 6.5 ሚሊ ሜትር ነው። በቁጥር ብቻ ለሚያይ ሰው የአዝመራ ጠባቂ የሚመኘው ትንሹ ጥይት በመጨረሻ ራያ ደረሰ ሊያሰኝ ይችላል። እውነቱ ግን ተቃራኒው ነው። የካርካኖ አረር ረጅም፥ አፍንጫው ክብ፥ ብረት የለበሰ፥ 10.5 ግራም የሚመዝን ሲሆን ፍጥነቱ በሰከንድ 700 ሜትር ያህል ነው። አይሰባበርም፤ አይሰፋም፤ ዝንጀሮውን በስቶ አልፎ ይሄዳል፤ ከድንጋይ ቢጋጭ ነጥሮ አቅጣጫውን ይቀይራል፤ ከሁለት ኪሎ ሜትር በላይም ይጓዛል። የጥይት ጠባይ በስፋቱ ብቻ እንደማይለካ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ የለም።

ይህ በራያ ሜዳ ላይ ምን ማለት እንደ ሆነ ለመረዳት የመኸሩን ወራት ማሰብ ይበቃል። ማሽላው ከሰው ቁመት በላይ አድጓል፤ በየማሳው መካከል ማማ ቆሟል፤ በየማማው ላይ ወንጭፍ የያዘ ልጅ ይቀመጣል። ተኳሹ ከማሽላው ወዲያ ያለውን አያይም። ከአንዱ ማሳ በዝንጀሮ ላይ የተለቀቀ የካርካኖ ጥይት የሚያርፈው በሌላው ማሳ ማማ ላይ ሊሆን ይችላል። ሳይታሰብ የፈሰሰ ደምም ደም ነውና ነገሩ በሽማግሌ ታይቶ፥ ካሳ ተቆርጦ፥ ዕርቅ እስኪወርድ ድረስ ሁለት ቤተ ዘመድ ይታመሳል። ጥቂት ዘለላ ማሽላ ለማዳን ይህን ያህል ዕዳ የሚገባ አስተዋይ ገበሬ አይገኝም።

እንግዲህ ጠመንጃ በሞላበት አገር ወንጭፍና ጅራፍ እስከ ዛሬ መቆየታቸውን የኋላ ቀርነት ምልክት አድርጎ መውሰድ ስሕተት ነው። ለግሪሳ ጠመንጃ ከንቱ ነው፤ መንጋው በሺህ ሲመጣ አንድ አረር አንዷን ወፍ ቢገድል ምን ይጠቅማል? የጅራፉ ጩኸትና የወንጭፉ ጠጠር ግን መንጋውን በሙሉ ያነሣዋል፤ ጠጠሩም በነፃ የሚገኝና ቢስት ጎረቤት የማይገድል ነው። ለዝንጀሮ ነገሩ ይለያል። ዝንጀሮ ሴትና ሕፃን የሚጠብቁትን ማሳ ይደፍራል፤ ወንድ ሲቆምበት ግን ይርቃል። ጠመንጃው በማሳ ዳር የሚሠራው ዋና ሥራ መታየት ነው፤ መተኮስ ከዚያ ቀጥሎ ይመጣል። ለመታየት ደግሞ የትኛውም ጥይት እኩል ነው፤ ባዶ ውጅግራም ቢሆን።

ከ1960ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ፥ ይልቁንም መንግሥት ከተለወጠበት ከ1983 ዓ.ም. ወዲህ፥ የአሮጌዎቹን ቦታ ክላሽንኮቭ ወስዷል። የአፈሙዙ ስፋት 7.62 ሚሊ ሜትር፥ የአረሩ ክብደት 8 ግራም ያህል፥ ፍጥነቱም በሰከንድ 710 ሜትር ገደማ ነው። ይህም እንደ ካርካኖ የጦር ጥይት ነው፤ ቀለሁም በቤት ባሩድ አይሞላም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር ዐዋጅ ቁጥር 1177 መሣሪያ መያዝን በፈቃድ ወስኗል፤ ከዚያ ወዲህ ግን በ2013ና በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ቆቦን አቋርጦ ሲያልፍ ጥይት ለማሳ ይቅርና ለቤትም የማይበቃ ሆኖ ነበር።