ነባር ባሕርይ (በፓተንት ሕግ)

በፈጠራ ማመልከቻ እንደ አዲስ የቀረበ ጠባይ፣ ማንም ባይጽፈውም፣ ቀድሞ በሚታወቅ ነገር ውስጥ የግድ የነበረ ሲሆን ነባር ባሕርይ ይባላል። «ሳይኖር አይቀርም» ማለት አይበቃም፤ የአሜሪካ የፌዴራል ይግባኝ ፍርድ ቤት ይህን እ.ኤ.አ. በ1999 በሮበርትሰን ጉዳይ አጽንቷል። የፓተንት መርማሪው ጠባዩ በቀድሞው ነገር ውስጥ እንዳለ ለማመን በቂ ምክንያት ካሳየ ግን ልዩነቱን የማስረዳት ሸክም ወደ አመልካቹ ይዞራል።

ለእኛ ቅርቡ ምሳሌ ጤፍ ነው። አንድ የኔዘርላንድ ኩባንያ ያገኘው የአውሮፓ ፓተንት «የመውደቂያ ቁጥሩ» ቢያንስ 250 የሆነ የጤፍ ዱቄትን ይሸፍን ነበር። ቁጥሩ በሰከንድ ይለካል፦ የዱቄትና የውሃ ድብልቅ የያዘ ዕቃ በፈላ ውሃ ውስጥ ሲሞቅ፣ ማማሰያ ዘንግ በድብልቁ ውስጥ እስኪሰምጥ የሚፈጀው ጊዜ ነው። እህሉ ከታጨደ በኋላ ሲሰነብት ቁጥሩ እንደሚጨምር ፓተንቱ ራሱ ይናገራል። ታዲያ ጤፉን ጎተራ አስገብቶ ከወራት በኋላ የሚያስፈጭ ገበሬ፣ ቁጥሩን ሳይለካው፣ ያንኑ ዱቄት ሲያገኝ አልኖረም? ጥያቄው ተገቢ ቢሆንም፣ የሄግ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2018 ፓተንቱን በኔዘርላንድ የሻረው የፈጠራ ብልሃት ስለጎደለው ነው። የኢትዮጵያው አዋጅ ቁጥር 123/1987 በበኩሉ ከማመልከቻው በፊት በሥራ ላይ በመዋል ለሕዝብ የተገለጠን ነገር ጭምር አዲስነትን ለመመዘን ይቆጥራል።